ባለአራት ፌርማታ ፍለጋ፦ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የጂኦካሺንግ ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ዓመታት አሳልፈው፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ያለው ጠመዝማዛ ደረጃ ለምን እዚያ እንደቆመ ሳያውቁ የሚመረቁ ብዙ ናቸው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ያወቅኩት አንድ ጓደኛዬ «ሂድና ስንት ደረጃ እንዳለው ቆጥረህ ና» ብሎ ሲልከኝ ነው። ቆጥሬ ስመለስ ታሪኩን ነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ደረጃው ይሄዳል።

ጥሩ የግቢ ፍለጋ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሰው በየቀኑ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ እንዲያይ ያደርጋል። ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይነሳል፦ ፍንጮቹ ግቢው ውስጥ አስቀድመው ካሉ ነገሮች ይውጡ፤ እናንተ የምትደብቁት ዕቃ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም መጨረሻው ላይ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ጂኦካሺንግ የተደበቀ ዕቃን በጂፒኤስ፣ ማለትም ያላችሁበትን ቦታ በሳተላይት በሚነግር ሥርዓት፣ መፈለግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሲቪል ጂፒኤስን ሆን ብሎ ያዛባበት የነበረውን አሠራር በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሲያቆም፣ ተራ ሰው የያዘው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ትክክለኛ ሆነ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪጎን ውስጥ ጫካ ዳር አንድ ባልዲ አስቀምጦ ቦታውን በቁጥር ለሌሎች ነገረ። ጨዋታው የተጀመረው እንዲህ ነው። የተደበቀው ዕቃ «ካሽ» ይባላል። ባለብዙ ደረጃ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ቦታ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይመራል። እኔ እያንዳንዱን ቦታ ፌርማታ እለዋለሁ፤ «ደረጃ» ካልኩ ከድንጋዩ ደረጃ ጋር ይምታታብናል።

መጀመሪያ መጨረሻውን ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አራት ቆንጆ ፌርማታ ያዘጋጅና ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ መጨረሻ ላይ ያስባል። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ የወሰዱት ቦታ የዶርም አጥር ሥር ወይም የጄኔሬተር ቤት ጀርባ ይሆናል። ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሥሩ።

የመጨረሻው ቦታ ምን ያስፈልገዋል? ሰው አምስት ደቂቃ ቢንጎራደድ የማይጠረጠርበት መሆን አለበት። ከጥበቃ ማማ፣ ከኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ከሴቶች ዶርም፣ ከፈተና ክፍል መስኮት የራቀ ይሁን። ዕቃው አይቀበርም፣ ዛፍ ላይ በሚስማር አይመታም፣ ሐውልት ወይም የጸሎት ቦታ ላይ አይቀመጥም። የድንጋይ ካብ ሥር፣ የአግዳሚ ወንበር ታች፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ያለ ክፍተት ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ግን እንዳይሆን። ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ ባታዩት እንኳ ድንጋዩ ላይ የቀረው የጭቃ ምልክት ይነግራችኋል።

ፈቃድ፣ ዕቃው ከመቀመጡ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። መጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ያዘጋጀሁት ሌላ ግቢ ውስጥ ነበር። ሣጥኑን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ አስቀመጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ አንድ የጽዳት ሠራተኛ አገኘችውና ደነገጠች። ጥበቃዎች መጡ፣ አካባቢው ተዘጋ፣ ተማሪ ተበተነ። ሄጄ የኔ ነው እስክል ድረስ አንድ ሰዓት አለፈ። ሴትዮዋ ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን አይረሳኝም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነበር።

ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ክበብ ካላችሁ በክበቡ ስም ይሁንና ማኅተም ይኑረው። ለተማሪዎች ጉዳይ ክፍልና ለግቢው ጥበቃ ኃላፊ ግልባጭ አድርጉ። ደብዳቤው ውስጥ አምስት ነገር ይግባ፦ ጨዋታው ምንድነው፣ ዕቃው የት ነው፣ የዕቃው ፎቶ፣ ከመቼ እስከ መቼ ይቆያል፣ የማን ስልክ ይደወላል። ደብዳቤው ከተፈቀደ በኋላ በፈረቃ ያሉትን ጥበቃዎች በአካል ሄዳችሁ አናግሩ። ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ሲቀመጥ የማታው ተረኛ ላያየው ይችላል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ልጆች እዚህ ጋ ወረቀት ይዘው ሲዞሩ ቢያዩ የኛ ናቸው» ማለት ከማኅተሙ ያላነሰ ይሠራል። ከውጭ የሚመጡ ተጫዋቾች ካሉ ስማቸው አስቀድሞ በር ላይ ይድረስ፤ መታወቂያም ይያዙ።

ፌርማታዎቹ

አራት ይበቃሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የዕቃውን ቦታ ከሚነግሩት ቁጥሮች አንድ አሃዝ ይገኛል። ከዚያ ሲበዛ ሰው ይደክማል፣ ሲያንስ ደግሞ ሳይሞቅ ያልቃል። በጠቅላላው ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ በእርጋታ ቢኬድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስድ ይሁን። እኔ ስድስት ኪሎ ላይ ብሠራው የምመርጣቸውን እነሆ።

አንደኛው ከበሩ ውጭ ነው፤ የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አሁን ዩኒቨርሲቲው ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የወረደውን እልቂት ሐውልቱ ላይ የተቀረጹት ምስሎች ያሳያሉ። የቀረጹት ዩጎዝላቪያውያኑ አውጉስቲንቺች እና ክርሺኒች ናቸው። ጥያቄው ከምስሎቹ ይውጣ፦ በአንደኛው ገጽ ላይ አንድ የተወሰነ ነገር ስንት ጊዜ ይታያል? ምን እንደምታስቆጥሩ ቦታው ላይ ቆማችሁ ወስኑ። ቡድኖቹም ይህ የሐዘን ቦታ መሆኑን በመመሪያ ወረቀቱ ላይ ያንብቡ። ሩጫና ጩኸት እዚህ የለም፣ ምንም ነገር አይደበቅም፣ አይለጠፍም። ሰው ቀና ብሎ እንዲያይ ብቻ ነው የምንፈልገው።

ሁለተኛው ያ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ነው ይባላል። የትም አያደርስም፤ ሰማይ ላይ ያልቃል። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ከዚህ የበለጠ ፌርማታ ከየት ይመጣል? ስንት ደረጃ እንዳለው እዚህ አልጽፍም፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ስታስቆጥሩ ግን ተጠንቀቁ። ሦስት ጓደኞቼ አንድ ላይ ቆጥረው ሦስት የተለያየ ቁጥር አመጡ። አንዷ መሬት ላይ ያለውን መነሻ ድንጋይ ቆጠረች፣ አንዱ አልቆጠረም፣ ሌላው አንበሳው የቆመበትን ጨመረ። ጥያቄው «ስንት ደረጃ አለ?» ከሆነ ሦስቱም ልክ ናቸው። «እግር ከመሬት ተነስቶ መጀመሪያ ከሚያርፍበት እስከ አንበሳው እግር ሥር፣ ሁለቱንም ጨምሮ» ካላችሁ መልሱ አንድ ይሆናል። መቁጠር በዓይን ነው፤ ማንም አይውጣበት።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያጓጓል፣ አውቃለሁ። የንጉሡ መኝታ ቤት ራሱ አለ። ግን የመግቢያ ክፍያና የሥራ ሰዓት ያለው ቦታ ፌርማታ ባይሆን ይሻላል። አንዱ ቡድን ምሳ ሰዓት ላይ ደርሶ በር ቢዘጋበት ጨዋታው ያበቃል። ለአሸናፊዎች የመግቢያ ቲኬት ሽልማት አድርጉትና ተረጋግተው ይጎብኙት።

ሦስተኛው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ይሁን። ዙሪያውን ካለ ቋሚ ጽሑፍ አንድ ቃል ውሰዱ። በምን እንደሚፈታ ከታች እነግራችኋለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ነገ ሌላ ይለጠፍበታል። የተቀረጸ ወይም በቀለም የተጻፈ ይሁን።

አራተኛው ሰው ቢሆን እወዳለሁ። በር አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ እናት ወይም ሊስትሮ ልጅ አናግሩ። ፈቃደኛ ከሆኑ ታሽገው የተዘጋጁ ፖስታዎች ስጧቸውና ለጊዜያቸው ተገቢውን ክፈሉ። ተጫዋቹ የይለፍ ቃሉን ሲናገር ፖስታ ይቀበላል። «እማማ፣ አንበሳው የት ነው ያለው?» «ከደረጃው ጫፍ ልጄ፤ እንካ።» ከጨዋታው ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ነው። ፖስታው ውስጥ የመጨረሻው ቁጥርና አንድ መስመር ፍንጭ ይገባል።

የፊደል ቁልፍ

እንግሊዝኛ የሚጠቀሙ ተጫዋቾች ፊደልን በተራ ቁጥሩ ይቀይራሉ። እኛ ከዚያ የተሻለ አለን። ፊደላችን ሰባት ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ግዕዝ 1፣ ካዕብ 2፣ ሣልስ 3፣ ራብዕ 4፣ ኃምስ 5፣ ሳድስ 6፣ ሳብዕ 7። «ቡና» 2-4 ነው። «ተማሪ» 1-4-3። «ጎበዝ» 7-1-6። «ኬኔዲ» ደግሞ 5-5-3 ይሆናል። «ኬኔዲ» ግን ቤት ተቀምጦም ስለሚፈታ ለማሳያ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። የናንተ ቃል ቦታው ላይ ካልተሄደ የማይታወቅ መሆን አለበት።

8፣ 9 እና 0 በቀጥታ አይገኙም። ስለዚህ ደምሩ፦ «የቃሉን ሆሄያት ቁጥር ደምራችሁ የመጨረሻውን አሃዝ ያዙ።» ተማሪ 1+4+3፣ 8 ይሰጣል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የሀ እና የአ ዘር ነው። «ፀሀይ» ብሎ የጻፈው 1-1-6 ያገኛል፣ «ፀሃይ» ያለው 1-4-6። ጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ ያለባቸውን ቃላት ተዉ። እንደ ሏ ያሉ ዲቃላ ሆሄያትንም እንዲሁ። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ፍንጩ ዓመት ከሆነ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ሐውልቱ የሚያስታውሰው ቀን በኛ 1929 ነው፣ በፈረንጆቹ 1937። ሰዓትም እንዲሁ፤ «3 ሰዓት» ስትሉ ከውጭ የመጣ ተጫዋች በሌሊት እንዳይመስለው «ከጠዋቱ» በሉ።

ቁጥሮቹን ማሰር

በጂኦካሺንግ የተለመደው የቦታ ቁጥር አጻጻፍ ዲግሪና ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስልሳኛ) ከነነጥቡ ነው። ጎግል ማፕስ ግን በነጥብ ዲግሪ ይሰጣል። መቀየሩ ቀላል ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 ማባዛት። ለምሳሌ 9.0470 ካላችሁ 0.0470 ሲባዛ በ60፣ 2.820 ይሆናል። አጻጻፉ ሰሜን 09° 02.820። 38.7590 ደግሞ ምሥራቅ 038° 45.540።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አንድ ሺኛ ደቂቃ በሁለቱም አቅጣጫ 1.8 ሜትር ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ብዙ ነገር ይወስናል። ከየአቅጣጫው የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ ከደበቃችሁ የሚቀረው 18 ሜትር በ18 ሜትር ነው። ብልጥ ቡድን ፌርማታዎቹን ዘሎ እዚያው ይፈትሻል። ሁለት ሁለት አሃዝ ከደበቃችሁ 184 ሜትር በ183 ሜትር ይሆናል። እሱን በጭፍን መፈተሽ አይቻልም። እንግዲህ ቀመሩ፦

ሰሜን 09° 02.8ሀለ፣ ምሥራቅ 038° 45.5ሐመ

አራት ያልታወቀ፣ አራት ፌርማታ። የትኛው መልስ የት ይግባ? ሀ እና ሐ አሥር ቤት ናቸው፤ አንድ ቢሳሳቱ ተጫዋቹ 18 ሜትር ይርቃል። ለ እና መ ላይ ግን የአንድ ስህተት ከሁለት ሜትር አይበልጥም፣ ያን ያህል ጂፒኤሱም ይሳሳታል። ስለዚህ ለክርክር የሚጋለጠውን ቆጠራ፣ ለምሳሌ የደረጃውን የመጨረሻ አሃዝ፣ ለ ላይ አድርጉት። የማያሻማውን ቃል ሐ ላይ።

ከዚያ ማረጋገጫ ጨምሩ፦ «ሀ+ለ+ሐ+መ = 20» ብላችሁ ወረቀቱ ግርጌ ጻፉ። መልሶቹ 3፣ 6፣ 4፣ 7 ከሆኑ ይገጥማል። የማይገጥም ቡድን የተሳሳተ ቦታ ላይ ቁጥቋጦ ሲያተራምስ ከመዋል ይድናል። ለግቢው ሣርም ለናንተም ይበጃል።

መለካት

ስልክ ይበቃል። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል። ረጅም ግድግዳ ሥርና ትልልቅ ዛፎች መሐል ግን ስህተቱ ከ10 ሜትር ያልፋል። ዕቃው ጋ ሄዳችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ፣ ከዚያ መዝግቡ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ድገሙት። ሦስተኛም። ሁለቱ ተቀራርበው አንዱ ከራቀ የራቀውን ጣሉና የሁለቱን አማካይ ያዙ። ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ካርታው ነው የሚፈልገው። ተጫዋቾች ካርታውን ከቤት ዋይፋይ ላይ አውርደው ይምጡ።

ዕቃው

ክዳኑ በአራት ጎን የሚቆለፍ፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ግዙ። የሚያሳይ መሆኑ ግዴታ ነው። ላዩ ላይ በትልቁ «የጨዋታ ዕቃ ነው፤ አደጋ የለውም» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም የአዘጋጁ ስልክ። ውስጡ ትንሽ ደብተር ዚፕ ባለው ላስቲክ ይግባ። እርሳስ አድርጉ፣ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣሉበት። ምግብ በፍጹም፤ ከረሜላ እንኳ ጉንዳን ይጠራል። መለዋወጫ ትንንሽ ነገሮች ይኑሩ፦ የድሮ ሳንቲም፣ ባጅ፣ የቁልፍ መያዣ። ደንቡ የወሰደ ይተካል ነው።

ሙከራ

ነገሩን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ፈልጉ። ፍሬሽ ተማሪ ቢሆን በጣም ጥሩ። ወረቀቱን ስጡትና ከኋላው ተከተሉ። አትናገሩ። ይህ ከባድ ነው፤ አፍ ያሳክካል። የቆመበትን ቦታና ሰዓት ብቻ መዝግቡ። እኔ የሞከርኩባት ልጅ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆማለች። «ከመግቢያው በስተቀኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። እሷ ደግሞ ስትወጣ በስተቀኝ መስሏት። «ፊታችሁን ወደ በሩ አዙራችሁ ስትቆሙ በቀኝ እጃችሁ በኩል» ብዬ አስተካከልኩት። ሁለተኛው ሞካሪ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

የጨዋታው ቀን

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። የፈተና ሳምንት አይሁን። ቡድን ከሦስት እስከ አምስት ሰው፣ በየ10 ደቂቃው ልዩነት ይነሳ። አንድ ላይ ከለቀቃችኋቸው ሁሉም የፊተኛውን ይከተላል። ሌላው ዘዴ መነሻውን ማዟዟር ነው፤ አንዱ ከሐውልቱ፣ አንዱ ከደረጃው ይጀምር። ቀመሩ በቅደም ተከተል ስለማይወሰን ምንም አይበላሽም። ለየቡድኑ አንድ የታሸገ የእርዳታ ፖስታ ስጡ። ከከፈቱት 15 ደቂቃ ይጨመርባቸዋል፤ ግን ማንም ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ አይሄድም። ወረቀቱ ላይ መጨረሻ ሰዓት ይኑር። ያ ሰዓት ሲደርስ ያልጨረሰውም ጭምር ቡናው ጋ ይሰብሰብ።

ለዓለም ማውጣት ከፈለጋችሁ

ጨዋታው ከቀኑ በኋላም እንዲቆይ ካሰባችሁ ጂኦካሺንግ ዶት ኮም ላይ ማስመዝገብ ትችላላችሁ፤ አባልነቱ በነጻ ይጀመራል። ገምጋሚ ያየዋል። ዕቃችሁ ከሌላ ሰው ካሽ ዕቃ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት፤ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚቆይ ካሽ አይቀበሉም፣ ሦስት ወር ዝቅተኛው ነው። የቡናዋን ፌርማታ እዚህ ላይ አውጡት። እማማ በሌሉበት ቀን የመጣ ሰው ይቸገራል፣ እሳቸውም የማያውቁት እንግዳ በየቀኑ ሊመጣባቸው አይገባም። በምትኩ አራተኛውን ከቋሚ ጽሑፍ ውሰዱ።

ካስመዘገባችሁ ኃላፊነቱ የናንተ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሁለት ሳምንቱ እየሄዳችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ደብተሩ ከረጠበ ቀይሩት፤ የድሮውን ግን አትጣሉት፣ የሰዎች ስም ያለበት ነው። ተመርቃችሁ ስትወጡ ሣጥኑን ከታች ላለ ተማሪ አስረክቡ። ተረካቢ ካጣችሁ አንሱትና ድረ ገጹ ላይ ዝጉት፤ ለጥበቃዎቹም ማንሳታችሁን ንገሯቸው።